ኪዮቶ ውስጥ አንድ ሳህን የዶሮ መረቅ

ራመን ሲባል ብዙዎቻችን ፊት ድቅን የሚለው ያ በላስቲክ የታሸገ፣ የፈላ ውሃ ሲደረግበት በሦስት ደቂቃ የሚደርስ ደረቅ ኑድል ነው። አሜሪካ የገባን ሰሞን፣ ደመወዛችን ለቤት ኪራይና ለአገር ቤት ተልኮ ሲያልቅ፣ አራት ሆነን በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ያለ እርሱ ያደርንበት ሌሊት ጥቂት ነው። እኔማ የራሴን መኪና ገዝቼ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ መንዳት የጀመርኩ ዕለት፣ ከእንግዲህ ራመን የሚባል ነገር በዚህ አፍ አይገባም ብዬ ምዬ ነበር። መሐላዬን ያፈረስኩት ባለፈው ጥቅምት ጃፓን አገር፣ ኪዮቶ በምትባለው ጥንታዊት ከተማ ነው። ያስፈረሰኝም የልጅነት ወዳጄ ነው።

ይህ ሰው ስሙ በጋዜጣ እንዲወጣ አይፈልግም። «ስሜን ጽፈህ የሰው መነጋገሪያ እንዳታደርገኝ» ብሎ አስጠንቅቆኛል። ስለዚህ ወዳጄ እያልኩ እቀጥላለሁ። ዘመኑንም ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ። ወዳጄ በ1981 የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ጃፓን ሄደ። ትምህርቱን ሲጨርስ «አገር ቤት ያለው ነገር እስኪረጋጋ» ብሎ ቆየ። እስኪረጋጋ ሲል ጸጉሩ ሸበተ። ቶኪዮ ቢሆን ኖሮ ካትሱሺካ በሚባለው ወረዳ ወገኖቻችን ተሰባስበው ስለሚኖሩ እንጀራውም ቡናውም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወሬው አይጠፋም ነበር። ሥራ ያገኘው ግን ኪዮቶ ነው። እዚያ ደግሞ አማርኛ የሚሰማው በስልክ ብቻ ነበር።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ናና እየኝ» ይለኛል፣ እኔም «ዘንድሮስ አይቀርም» እለዋለሁ። ጡረታ ስወጣ ምክንያት አለቀብኝና ሄድኩ።

በደረስኩ ማግሥት ጠዋት፣ ያ በሥዕል የምናውቀውን በወርቅ የተለበጠ ቤተ መቅደስ ያሳየኛል ብዬ ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ብወጣ፣ በሌላ አቅጣጫ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ አሳፈረኝ። ወዴት ነው ብለው «ምሳ» አለኝ። ገና አምስት ሰዓት አልሞላም። «ቤተ መቅደሱን ነገም ታየዋለህ፣ አይሸሽም። እዚህ ቤት ግን ከረፈደ ሰልፉ መንገድ ያቋርጣል።»

የወረድንበት ሰፈር ከከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ፣ ኪታ ሺራካዋ ይባላል። ተራራው ቅርብ ነው። ዩኒቨርሲቲው ስለማይርቅ ተማሪ የሞላበት አካባቢ ነው። ከዚያ አለፍ ብሎ ያለው ኢቺጆጂ የተባለ ሰፈር ደግሞ የራመን ቤቶች እንደ ጠጅ ቤት ጎን ለጎን ተደርድረው የሚፎካከሩበት ነው። ኪዮቶን በመጽሐፍ የሚያውቃት ሰው ምግቧ ሁሉ እንደ መነኩሴ ራት ቀለል ያለ ይመስለዋል፤ የባቄላ አይብ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ጨው የራቀው ሾርባ። ራመኗ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ወዳጄ እንደሚለው ተማሪ በባቄላ አይብ አያጠናም።

ቤቱ «ቴንካይፒን» ይባላል። ትርጉሙ «ከሰማይ በታች አቻ የሌለው» ማለት ነው። ጃፓኖችን በትሕትናቸው ለምናውቃቸው ስሙ ትንሽ ያስደነግጣል። ከስሙ አጠገብ ያለውን ጽሑፍ ወዳጄ «ቹካ ሶባ» ብሎ አነበበልኝ። «የቻይና ኑድል ማለት ነው» አለኝ።

«ጃፓን አይደለም እንዴ?»

«የትኛው ጃፓን?» አለና ሰልፉ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ታሪኩን ጀመረልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዮኮሃማ ለውጭ ንግድ ወደብነት በ1859 ስትከፈት ከመጡት እንግዶች መካከል ቻይናውያን ነበሩ። የስንዴ ኑድላቸውን በመረቅ የመብላት ልማዳቸውን ይዘው መጡ። በ1910 ቶኪዮ አሳኩሳ ውስጥ አንድ ጃፓናዊ ከዮኮሃማ የቻይናውያን ሰፈር ምግብ ሠሪዎች ቀጥሮ «ራይራይከን» የሚባል ቤት ከፈተ። ቤቱ ለሠራተኛው ሕዝብ በርካሽ እየሸጠ ስሙ ገነነ። እዚሁ ኪዮቶም በ1938 ከቻይና ዠጂያንግ ክፍለ ሀገር የመጣ አንድ ሰው በጋሪ ኑድል መሸጥ ጀመረ። ያ ጋሪ ቤት ሆኖ እስከ ዛሬ በባቡር ጣቢያው አቅራቢያ አለ። ዛሬ ዓለም ጃፓንን ከሚያውቅባቸው ምግቦች አንዱ ራመን ነው። «ምግቡ ዜግነት አግኝቷል» አለኝ ወዳጄ። «እኔ እስከ አሁን የመኖሪያ ወረቀቴን አሳድሳለሁ።»

ያ የላስቲኩ ራመንም ቢሆን የዚሁ ዘር ነው። የፈለሰፈው ሞሞፉኩ አንዶ የተወለደው በጃፓን ቅኝ ግዛት ዘመን ታይዋን ውስጥ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ኦሳካ ውስጥ የተራበ ሕዝብ አንዲት የራመን ጋሪ ፊት በብርድ ተሰልፎ ማየቱ ከኅሊናው አልጠፋም ይባላል። በ1958 ኢኬዳ በምትባል ከተማ፣ ከቤቱ ጓሮ በሠራት ጎጆ ውስጥ ሲሞክር ቆይቶ፣ ኑድሉን በዘይት ጠብሶ ማድረቅ እንደሚቻል ደረሰበት። ለገበያ ያወጣው የመጀመሪያው ዓይነት «ቺኪን ራመን» ነው፤ የዶሮ። እንግዲህ ያ የስደት ራታችን ከጅምሩም የስደተኛ እጅ ያለበት የዶሮ መረቅ ነበር። ይህን ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ ምናልባት ስድቡን እቀንስለት ነበር።

በሩ ጋ ልንደርስ ስንል ከሁሉ የሚያሳስበኝን ጥያቄ አነሣሁ። «አሳማ የለበትም?»

ወዳጄ ሳቀ። ጃፓን የሚሄድ ወገኔ ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነውና መልሱን እዚህ ላስፍረው። በደቡብ፣ በኪዩሹ በኩል የሚሠራውና በየአገሩ የተሰራጨው «ቶንኮትሱ» የሚሉት መረቅ የአሳማ አጥንት ነው። ገና ከስሙ መሸሽ ነው። እዚህ ቤት መረቁ የሚወጣው ከዶሮ አጥንትና ከአሥር ዓይነት በላይ ከሆነ አትክልት ነው። ነገር ግን ከላይ ጣል የሚደረገው ስስ ሥጋ፣ «ቻሹ» የሚባለው፣ አሳማ ነው። ስለዚህ ሲያዝዙ «ቻሹ ኑኪ» ማለት ነው፤ ያለ ቻሹ። ይህም ቢሆን ማብሰያውና መቁረጫው አንድ ስለሆነ፣ ማጣፈጫው ውስጥ የሚገባውም ከቤት ቤት ስለሚለይ፣ ጨርሶ ንክኪ እንዳይኖረው የሚፈልግ ሰው ባይገባ ይሻለዋል። ለእስላም ወገኖቻችን በትልልቆቹ ከተሞች የሐላል የዶሮ ራመን ቤቶች አሉ። እኔ ቻሹ ኑኪ ብዬ ኅሊናዬን አሳረፍኩ። ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ ጾሙም የጽጌ ነው፤ እርሱ ደግሞ የፈቃድ ነው።

ስንገባ ሠራተኞቹ በአንድ ድምፅ «ኢራሻይማሴ!» ብለው ጮኹ። እንኳን ደህና መጣችሁ ነው፤ የተጣሉ መስሎኝ ወደ ኋላ ብዬ ነበር። ከረጅሙ ባንኮኒ ፊት ጎን ለጎን ተቀመጥን። ውሃ በነፃ ነው፣ ጉርሻ የሚባል ነገር የለም፣ ዋጋውም ከአንድ ሺህ የን ብዙ አይርቅም። የሚጠየቀው ጥያቄ ሁለት ነው። «ኮቴሪ» ነው ወይስ «አሳሪ»? ወፍራም ነው ወይስ ቀጭን? ቀጥሎ፣ ነጭ ሽንኩርት ይጨመር? ወዳጄ ለሁለታችንም ኮቴሪ፣ ነጭ ሽንኩርቱም ይግባ አለ። እዚህ ድረስ መጥቶ አሳሪ ማዘዝ፣ በእርሱ አባባል፣ ጎንደር ደርሶ ፋሲለደስን ሳያዩ እንደመመለስ ነው።

መጣ። በጎድጓዳ ሳህን የመጣውን ነገር መረቅ ማለት ይከብዳል። መልኩ በወተት የተበጠበጠ ሽሮ ይመስላል፤ ማንኪያ ሲነከርበት ወዲያው አይሰምጥም። ኑድሉን በእንጨቶቹ ሲያነሱት መረቁ ተጣብቆ አብሮ ይመጣል። ቀመስኩ። ውድ አንባቢያን፣ ምን ብዬ እንደምገልጸው አላውቅም። መጀመሪያ ጨው ነው፣ ቀጥሎ ዶሮ ነው፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና ዶሮ ነው። ከንፈር ከከንፈር ይጣበቃል። እንደ ልቅሶ ቤት ንፍሮ ቀስ እያልኩ እበላለሁ ስል ወዳጄ «ሳብ አድርገው፣ ድምፅ ይውጣው» ብሎ ገሠጸኝ። እናቶቻችን «እንደ ከብት አታንጫጫ» ብለው ያሳደጉንን ሁሉ እዚህ መርሳት ነው። ግራ ቀኜ ያለው ሰው ሁሉ ይስባል፣ ማንም ዞሮ የሚያይ የለም። ጠረጴዛው ላይ በርበሬ የገባበት የባቄላ ቅመም በማሰሮ ተቀምጧል። አንድ ማንኪያ ጣል ሳደርግበት አዋዜ የነካው መሰለ። ከዚያ በኋላ ተራራውም ቤተ መቅደሱም ተረሳኝ።

እንዴት እንዲህ ይወፍራል ብዬ ጠየቅሁ። ወዳጄ መሐንዲስ ነውና እንደ መሐንዲስ አስረዳኝ። የዶሮ አጥንት በዝግታ ሲንተከተክ የሚወጣው መረቅ ጥርት ያለ ነው። እሳቱ ካልበረደለትና ለብዙ ሰዓታት እየተንፎለፎለ ከፈላ ግን፣ በቆዳውና በመገጣጠሚያው ያለው ጅማት ቀልጦ ሙጫ ይሆናል፤ ስቡም በፍላቱ ኃይል ደቅቆ ከውሃው ጋር ይዋሐድና መረቁ ይነጣል። ይህን ዓይነቱን «ፓይታን» ይሉታል፣ ነጭ መረቅ ማለት ነው፤ ቃሉም የቻይና ነው። ብዙ ቤቶች ሙጫው እንዲበዛላቸው የዶሮውን እግር ከነጥፍሩ ይጨምራሉ። ይህን ስሰማ የወዳጄ እናት ትዝ አሉኝ። ዶሮ በሎሚና በጨው ሰባት ጊዜ አጥበው፣ አሥራ ሁለቱን ብልት ቆጥረው ድስት የሚጨምሩ ሴት፣ እግር ከነጥፍሩ ይቀቀላል ቢባሉ ያማትቡ ነበር። የእኛ ዶሮ ወጥ ውፍረቱን የሚያገኘው ቀኑን ሙሉ ከሚቁላላው ሽንኩርት እንጂ ከአጥንቱ አይደለም። ሁለቱም የሚሠሩት ግን በጊዜ ነው፤ ቸኩሎ የሠራው ዶሮ ወጥም ሆነ ፓይታን ያስታውቃል።

የቤቱም አጀማመር የእኛን ሰው ታሪክ ይመስላል። መሥራቹ ኪሙራ ጹቶሙ ይሠራበት የነበረው ድርጅት ሲከስር፣ እጁ ላይ በቀረችው 37,000 የን በ1971 እዚሁ ኪዮቶ ውስጥ በጋሪ ራመን መሸጥ ጀመረ። ባለቤቶቹ እንደሚተርኩት በመጀመሪያው ቀን የሸጠው 11 ሳህን ብቻ ነው። ይህን ወፍራም መረቅ ለማግኘት ደግሞ ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ፈጅቶበታል። ዛሬ ቅርንጫፎቹ ወደ 200 ይጠጋሉ፤ መረቁም በአንድ ማዕከል ተሠርቶ ይላክላቸዋል። ወዳጄ ግን ከዚህ ቤት ሌላ አይሄድም። ለምን እንደሆነ ከመናገሩ በፊት ጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁ። ኢትዮጵያ ስላቸው እንጨቶቻቸውን አስቀመጡና «አበበ!» አሉ። ክርናቸውን አጥፈው እንደ ሯጭ ክንዳቸውን ወዘወዙ። በ1964 ቶኪዮ ላይ አበበ ቢቂላ፣ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ በሳምንታት ውስጥ፣ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ፈጽሞ መስኩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ በቴሌቪዥን አይተዋል። ያን ጊዜ የትምህርት ቤት ልጅ ነበሩ። ከዚያ ሌላ ስለ አገራችን የሚያውቁት ነገር ያለ አልመሰለኝም፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም። በቃን። ጎንበስ ብለን ተሰናበትን።

እኔ በዚህ ጊዜ ግማሽ ላይ ደርሼ ደክሜያለሁ። ምግቡ ከባድ ነው። ማንኪያዬን ሳስቀምጥ ወዳጄ «አይሆንም፣ ጨርስ» አለኝ።

«ጠገብኩ እኮ።»

«ሳህኑ ሥር የምታየው ነገር አለ። ጠጣው።»

እየጠጣሁ ሳለ ነው የነገረኝ። ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም፤ ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ስለተቀመጥን ሁለታችንም የምናየው እንፋሎቱን ነው።

«እናቴ ያረፈች ጊዜ» አለ፣ «በ2004፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ቅዳሜ ማታ ነው የተደወለልኝ።»

መርዶ በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር እናውቃለን። ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ማለዳ በር ተንኳኩቶ ነው። ስደት አገር እንኳ ይህ አልቀረም፤ ዋሽንግተን ስንት ማለዳ ለስንት ሰው በር ቆመናል። እርሱ ግን ብቻውን፣ ቆሞ፣ ስልክ ይዞ ሰማ። ለቀብር እንዳይሄድ ያን ጊዜ የመውጫ መግቢያ ወረቀቱ አልተስተካከለም ነበር። አብሮት የሚያለቅስ አማርኛ ተናጋሪ በከተማው የለም። ለሥራ ባልደረቦቹ መናገርም አልቻለም፤ በምን ቃል? ካፖርቱን ለብሶ ወጣና በበረዶው ሲሄድ ሲሄድ የዚህን ቤት መብራት አየ። ተሰልፎ ገባ። ኮቴሪ አዘዘ። ድምፅ እያወጣ ሳበ፣ አለቀሰም። እንፋሎቱና የሰዉ ድምፅ ሸፈነለት። ጨርሶ ሳህኑን ሲያየው ሥሩ ላይ ጽሑፍ አለ።

«ጽሑፉ ያን ዕለት የተጻፈ አይደለም። ሳህኑ ሁሉ ላይ አለ፣ ስንት ጊዜ አይቼው አልፌያለሁ። ያን ማታ ግን ለእኔ የተጻፈ መሰለኝ። እሑድም መጣሁ። ሰኞም መጣሁ። ሰኞ ዕለት ተነሥቼ ልወጣ ስል ነው ቀኑን የቆጠርኩት። ሠልስቷ ነበር።»

ዝም አልን። እኔ ምን ልበል? እናቱን እማማ እያልኩ ነው ያደግሁት። በፋሲካ የዶሮውን መላላጫ ለእኔ የሚያወጡልኝ እርሳቸው ናቸው። ማረፋቸውን የሰማሁት ግን ከወራት በኋላ ነው። ያን ጊዜም ደውዬ «እግዜር ያጽናህ» ብያለሁ። አምስት ደቂቃ ብናወራ ነው፤ ተሳፋሪ እየጠበቀኝ ነበር። ከዚያ በኋላ «ዘንድሮስ አይቀርም» እያልኩ ሃያ ዓመት አለፈ።

ሳህኑን በሁለት እጄ አንሥቼ ጨለጥኩት። ከሥሩ ጽሑፉ ወጣ። አንብብልኝ አልኩት።

«ነገም እንጠብቅዎታለን» አለኝ።

በማግሥቱ ወርቃማውን ቤተ መቅደስ ልናይ ነበር ዕቅዳችን። አላየነውም። አምስት ሰዓት ላይ ያው ሰልፍ ውስጥ ቆመን ነበር። ሰኞም እንዲሁ። ሁለቱን ቀን እርሱ ነበር የከፈለው፤ እንግዳ ነህ እያለ እጄን ይመልሳል። ሰኞ ዕለት ግን ቀድሜው ለሠራተኛዋ ገንዘቡን ሰጠሁ። ሊቆጣኝ ሲል፣

«ተው፣ የለቅሶ ነው» አልኩት።

ኪሱ የከተተውን እጁን አወጣ። ከዚያ ሳህኑን አንሥቶ የቀረውን መረቅ ጠጣ።